በይመር ብስክሌት ወደ ይመር ቀብር

እኔን እግዜር ሲፈጥረኝ ለወንበር ነው የፈጠረኝ። ይህን የምለው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወልድያ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ፋይል ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ነው። ወንበሩ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ እኔ ግን አልተቀየርኩም። ሆዴ ብቻ በየጊዜው እድገት ያገኛል። ጠዋት ቢሮ የምሄደው በባጃጅ፣ ማታ የምመለሰው በባጃጅ ነው። ባጃጁም ውስጥ አጠገቤ ሦስተኛ ሰው ተቀምጦ አያውቅም፤ ሾፌሮቹ ሲያዩኝ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ነው የሚጭኑኝ።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ከወልድያ ግራና ድረስ፣ በሱፍ ልብስና በቆዳ ጫማ፣ በዚያ የቆላ ፀሐይ፣ በብስክሌት የሄደው። ምን ነክቶህ ነው ብትሉኝ፣ ወዳጄ ሞቶብኝ ነው።

ወዳጄ ይመር ይባላል። የግራና ልጅ ነው። ለትምህርት ወልድያ ሲመጣ እናቴ ቤት አንዲት ጓዳ ተከራይቶ ገባ፤ ወር ሳይሞላው ኪራዩም ቀረ፣ ጓዳውም ቀረ፣ እኔና እሱ አንድ አልጋ ላይ ራስና እግር ሆነን እየተኛን አራት ዓመት ተማርን። እሱ ኋላ መርሳ ውስጥ የታሪክ አስተማሪ ሆነ። እኔ ወንበሬን አገኘሁ።

ይመር አንድ አመል ነበረው። ቅዳሜ ሲሆን ያቺን ጎማዋ ወፍራም፣ ለጠጠር መንገድ የተሠራች ብስክሌቱን ይዞ ይጠፋል። ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ያልወጣው ደረቅ ኮረብታ የለም። አንዱ ጋ የተረሳ የድሮ መስጊድ አለ፣ አንዱ ጋ ማን እንደሠራው የማይታወቅ የድንጋይ ካብ አለ፣ አንዱ ጋ ደግሞ የየጁ መኳንንት ተቀብረውበታል የሚባል ቦታ አለ። እሱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚሉትን ሁሉ ይጽፋል። ኮረብታ ሁሉ ስም አለው፣ ስም ሁሉ ምክንያት አለው ይለኝ ነበር። ለኔ ኮረብታ ማለት ዳገት ያለበት ነገር ነው፤ ስም ቢኖረው ባይኖረው ዳገትነቱ አይቀንስም። አንድ ቀን አብረን እንሂድ እያለ ዓመታት ለመነኝ። እሺ እያልኩ ዓመታት አሳለፍኩ።

ኋላ ኩላሊቱን ታመመ። ለሕክምና ወልድያ የመጣው በዚያችው ብስክሌት ነበር። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ አሉ። ከዚያ በኋላ እንዳይነዳ ስለከለከሉት ብስክሌቷን እኔ ግቢ አስቀምጧት በመኪና ተመለሰ። ሲለየኝ፣ እስክድን ድረስ ተለማመድባት አለኝ። እኔ የተለማመድኩት ነገር ቢኖር ባለቤቴ አሰለፈች ካልሲ ስታሰጣባት ማየት ነው። አንዲት ዶሮም ኮርቻዋን ማደሪያ አድርጋት ነበር።

ይመር አልጋ ላይ የዋለው ግራና፣ አባቱ ቤት ነው። ለቅዳሜ እመጣለሁ አልኩት። የመጀመሪያው ቅዳሜ የእድር ስብሰባ ነበር። ሁለተኛው ቅዳሜ ጥርሴን አመመኝ። ሦስተኛው ቅዳሜ የሆነ ሰው ልጁን ዳረ። ከዚያ በኋላ ምክንያት እንኳ አላስፈለገኝም፤ ዝም ብዬ እቀር ጀመር። እሱ ዓርብ ዓርብ ይደውላል፤ ለቅዳሜ ትመጣለህ ወይ ይላል፤ እኔም ኢንሻላህ እላለሁ። አንድ ቀን ስቆ፣ "አንተ ክርስቲያን ሆነህ ኢንሻላህ የምትለው ላለመምጣት ስታስብ ነው" አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ መሄድ ግን አልሄድኩም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነው። አንድ ጊዜ በስልክ ሲያወራኝ ድምፁ ቀጥኖ ሰማሁት። ድምፁ እንዲህ ከሆነ ፊቱ እንዴት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ሰው ወዳጁን ይፈራል ቢሉኝ ኖሮ አላምንም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ባለቤቱ ዘይነባ ደወለች። ይመር ሌሊቱን ማለፉን፣ ቀብሩ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ መሆኑን ነገረችኝ። ለምን ቀረህ አላለችም፣ ና አላለችም። ስልኩን ዘጋችው።

ለሠርግም ለለቅሶም የምለብሳትን አንዲቱን ሱፌን ለብሼ መናኸሪያ ሮጥኩ። ያ ሳምንት ነዳጅ የጠፋበት ሳምንት ነበር። ሚኒባሶቹ ተደርድረው ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ ጥላ ፈልገው ዳማ ይጫወታሉ። አንዱን ለመንኩት፣ ሁለተኛውን ለመንኩት፤ በጀሪካን ነዳጅ ካመጣህ ቀብር ቀርቶ ሐጅ እናደርስሃለን አሉኝ። አንድ የጭነት መኪና ወደ ደሴ ሲወጣ አግኝቼ ነበር፤ ከላይ የተጫነው ሰው ብዛት ሲታይ መኪናው ራሱ ለቀብር የሚሄድ ይመስላል። ልንጠላጠል ሞከርኩ። እግሬን አነሳሁ፣ ሆዴ ግን አልተባበረም። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ላቤን እየጠረግሁ ቤቴ ተመለስኩና ለአሰለፈች መኪና የለም፣ ምን ላድርግ፣ በስልክ አጽናናቸዋለሁ አልኳት።

እሷ ካልሲዎቹን ከብስክሌቷ ላይ አንድ በአንድ እያነሳች ነበር።

"ሦስት ወር ሙሉ ሳትጠይቀው ቀረህ፤ ከቀብሩም ልትቀር ነው?" አለችኝ።

አሰለፈች ብዙ የምትናገር ሴት አይደለችም። ስትናገር ግን መልስ የሚሆን ቦታ አትተውም። ጎማውን ራሷ በመንፊያ ነፋችው፤ ዶሮዋን አባረረቻት፤ የሱሪዬን እግር በሲባጎ አሰረችልኝ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ከግቢ ወጣሁ።

ብስክሌት መንዳት አይረሳም ይላሉ። እኔ የተማርኩት ልጅ ሆኜ፣ ይመር ከኋላ ኮርቻውን ይዞ እየሮጠ ነው። ይህን ያሉት ሰዎች ግን አንድ ያልነገሩን ነገር አለ፤ አእምሮ ባይረሳም መቀመጫ ይረሳል። ገና የከተማውን ጫፍ ሳልለቅ የማላውቃቸው አጥንቶች እንዳሉኝ አወቅሁ። ከወልድያ ወደ መርሳ ቁልቁለቱ ይበዛል ሲባል ስሰማ እሰይ ብዬ ነበር። ለካ ቁልቁለት የሚመቸው ፍሬን ላለው ሰው ነው። የኋላው ፍሬን በሦስት ወር ዝገት ተይዟል፤ የፊተኛው ደግሞ ሲያዝ ጨርሶ ያቆማል፤ ብስክሌቷን እንጂ እኔን አያቆምም። ስለዚህ በቆዳ ጫማዬ አስፋልቱን እየፋቅሁ ወረድኩ። ሴቶች ዘወር ብለው አማተቡ። ፍተሻው ላይ ያለው ዘበኛ በሱፍ የሚበር ሰው ሲመጣበት መሣሪያውን አስተካከለ፤ ኋላ ሲያየኝ ሊያስቆመኝም አዘነልኝ መሰለኝ፣ በእጁ እለፍ አለኝ። ብፈልግስ መቼ እቆማለሁ።

ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከሩቅ አየኋቸው። እንደምን አደርክ ልጄ አሉኝ። የኛ አገር ሰው ሽማግሌ ሰላም ሲለው ዝም ብሎ አያልፍም። አንድ እጄን ከመሪው አንስቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እንደምን አደሩ አባቴ ልል ስል ብስክሌቷ በራሷ መንገድ ሄደች። ቀጥሎ የማስታውሰው ቁልቋል ውስጥ መሆኔን ነው።

ሽማግሌው በመቋሚያቸው ጎትተው አወጡኝ። መሪጌታ ናቸው። ከሱፌ ላይ እሾሁን እየለቀሙ ሳለ ብስክሌቷን ልብ ብለው አዩአት።

"ይህች የመምህር ይመር አይደለችም?" አሉኝ።

ናት አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ለካ ይመር በየወሩ ኮረብታው ላይ ወዳለው የድሮ ቤተ ክርስቲያን እየወጣ፣ ከሳቸው ጋር ብራና ሲያይ ይውል ኖሯል። ከታመመ ወዲህ ስላላዩት በየቅዳሴው ስሙን እያነሱ እንደሚጸልዩለት ነገሩኝ። ይመር የሚለው ስም ለቅዳሴ ስለማይመች "ያ ወዳጃችን" እያሉ ነው። ከዚያ እንዴት ሆነ ብለው ጠየቁኝ።

አፌን የከፈትኩት ሞተ ልል ነው። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ደህና ነው" አልኩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰበብ መደርደር እችላለሁ። መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ ነው እንጂ ቁልቋል ውስጥ ወድቆ በተነሣ ሰው አይነገርም። ደግሞም ከነገርኳቸው ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ፤ ጥዬአቸው መሄድ አልችልም፤ ቀብሩ ያመልጠኛል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ከጠዋት ጀምሮ ሞተ የሚለውን ቃል ለማንም አልተናገርኩም ነበር። አሰለፈች እንኳ ስልኩን ስትሰማ ገባት እንጂ እኔ አልነገርኳትም።

መሪጌታ በጣም ደስ አላቸው። ለቤታቸው ይዘውት የነበረውን በፕላስቲክ ጠርሙስ የተሞላ ጠበል ከኋላዬ አሰሩልኝ፤ ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ጉንጭ ይጠጣ፣ ለእምነቱም አይከብደውም፣ ውሃ ነው በለው አሉኝ። እሺ ብዬ እጅ ነስቼ ሄድኩ።

መርሳ ልገባ ትንሽ ሲቀረኝ የኋላው ጎማ እሾህ ወጋውና ተነፈሰ። እየገፋሁ ገባሁ። የከተማዋ ዳር ላይ ጎሚስታ አለ፤ ጀማል ይባላል። ገና ከሩቅ ብስክሌቷን ሲያይ የያዘውን የመኪና ጎማ ለቀቀውና ጎማው እየተንከባለለ መንገድ ተሻገረ። መምህር ዳነ ማለት ነው ብሎ ወደኔ መጣ። አንድ ጊዜ የዋሸ አፍ ሁለተኛውን ለመዋሸት አይጨነቅም፤ ተሽሎታል አልኩት።

ጀማል ጎማውን ሲለጥፍ ዓይኑ ከብስክሌቷ ላይ አልተነሣም። ይመር ልጅ እንደሆነ የለውም፤ ይህችን ብስክሌት ነው እንደ ልጅ ያሳደጋት ይለኛል። ጨረስኩ ሲል ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ በጨርቅ የተጠቀለለ አዲስ ደወል ይዞ መጣ። የድሮው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ይመር ፍየሎቹ መንገድ አልለቅ አሉኝ ብሎ ለምኖት፣ እሱም ሰው ልኮ ከደሴ አስመጥቶለት፣ ወዲያው ይመር ታሞ ቀረ። አሁን ሲያየው ደስ ይበለው ብሎ መሪው ላይ አጥብቆ አሰረልኝ። ሒሳብ ልሰጠው ስል ተቆጣኝ። ለመምህር ሰላም በልልኝ አለ።

ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ሰዓት ሆኗል።

ከመርሳ ወደ ግራና አስፋልቱን ትቼ የጠጠሩን መንገድ ያዝኩ። መንገዱን መኪና ሲመላለስበት ጎድን ጎድን አውጥቷል። በያንዳንዱ ጎድን ላይ እኔ አንድ ጊዜ እነጥራለሁ፣ ደወሉ አንድ ጊዜ ይጮኻል። ጀማል በጣም አጥብቆ ስላሰረው ልፈታው ብሞክር እንቢ አለ። በአንድ እጄ ልይዘው ሞክሬ ዳግመኛ ወደቅሁ፤ ሱሪዬ ካቴናው ውስጥ ገብቶ ከጉልበቴ በታች ተተረተረ። ስለዚህ ተውኩት። ይጩህ።

ግራ ቀኙ ደረቅ ኮረብታ ነው። ማሽላው ታጭዷል፤ አገዳው ብቻ ቆሟል። ግራሩ አቧራ ለብሷል። ኮረብታዎቹ አንዱ ካንዱ ጀርባ እየወጡ ያዩኛል። ይህን ሁሉ ይመር በስም በስም ነግሮኛል፤ የትኛው ላይ ማን እንደነገሠ፣ የትኛው ላይ የትኛው ሼህ እንደጸለየ፣ የትኛው ላይ ሁለት ወንድማማቾች ተጣልተው እንደተለያዩ። እኔም እየሰማሁ አዎ፣ አዎ እለው ነበር። አሁን አንዱንም ላስታውስ አልቻልኩም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

መንገዱ ዳር ከአንድ ማንጎ ዛፍ ሥር እማማ ዘሀራ የሚባሉ አሮጊት ፓፓያ ይሸጣሉ። ስማቸውን ያወቅሁት ራሳቸው ሲነግሩኝ ነው። ደወሉን ሰምተው ገና ከሩቅ ብድግ ብለው ጠበቁኝ። ስደርስ ፊታቸው ላይ ያለውን ደስታ አይቼ ፊቴን አዞርኩ። ይመርን ነበር የጠበቁት። እሱ እዚህ ሳይቀመጥ አያልፍም፤ አያታቸው የነገሯቸውን ሁሉ ጽፎላቸዋል፤ ልጆቻቸው እንኳ የማይሰሙትን ሰምቷቸዋል።

"አፊያው እንዴት ነው? ይበላል?" አሉኝ።

"ይበላል እማማ" አልኩ። አፌ በዚህ አልበቃውም፤ ትናንት እንኳ ፓፓያ አማረኝ ሲል ነበር አልኩ።

ይህን ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሳቸው አልሃምዱሊላህ ብለው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ከዚያ ከፓፓያዎቹ መሃል ትልልቆቹን አራት መረጡ፤ በጣታቸው እየነኩ፣ እያሸተቱ፤ የበሰሉትን ለዛሬ፣ ጠንከር ያሉትን ለነገና ለተነገ ወዲያ ብለው። በሻሽ ቋጥረው ሁለቱን በግራ፣ ሁለቱን በቀኝ አንጠለጠሉልኝ። ሻሹን ነገ ከነገ ወዲያ፣ ራሱ ሲመጣ ያመጣልኛል አሉኝ።

ግራና ስገባ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።

ድንኳኑ እነ ይመር ደጅ ተተክሏል። ሰዉ ከቀብር ተመልሶ ተቀምጧል፤ አንድ ሼህ ዱዓ እያደረጉ ሌላው አሚን ይላል። ወደ ደጁ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ድንጋይ ብቻ ነው። ወርጄ እየገፋሁ ነው የመጣሁት፤ ቢሆንም ደወሉ በየድንጋዩ ቅጭል ቅጭል እያለ እስከ ድንኳኑ ደረሰ። ዱዓው ቆመ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሱሪዬ ተቀድዷል፣ ኮቴ ላይ የቁልቋል እሾህ አለ፣ እጄ ደምቷል፣ ብስክሌቷ በግራና በቀኝ ፓፓያ ተንጠልጥሎባት፣ ከኋላዋ ጠርሙስ ታስሮባት እንደ ገበያ አህያ ሆናለች። ከሴቶቹ በኩል ዘይነባ ድንገት ስትነሣ አየኋት። የብስክሌት ደወል ሰምታ ይመር መስሏት ነው። አየችኝ፤ ብስክሌቷን አየች፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

የይመር አባት አባባ እንድሪስ በሰማንያዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ጸጥ ያሉ ሰው ናቸው። ተነሥተው መጡና አቀፉኝ።

"ቀብሩ?" አልኳቸው።

"ጀናዛ አይጠብቅም ልጄ፤ ቀበርነው" አሉኝ።

ከዚያ ያንጠለጠልኩትን ሁሉ አይተው ይህ ምንድነው ብለው ጠየቁኝ። ደክሞኝ ስለነበር አልዋሸሁም። መሪጌታውን፣ ጎሚስታውን፣ እማማ ዘሀራን፣ ለያንዳንዳቸው ምን ምን እንዳልኩ፣ ሁሉንም እዚያው ቆሜ ተናገርኩ። ፓፓያ አማረኝ አለ የሚለው ላይ ስደርስ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሳቃቸው አመለጣቸውና በሳል ሸፈኑት። ሌላውም አቀረቀረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ለቅሶ ይሁን ሳቅ ግን አልለየሁም።

አባባ እንድሪስ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ፓፓያው ተቆርጦ ለመጣው ሰው ሁሉ እንዲዳረስ አዘዙ፤ ለሱ ሰደቃ ይሁንለት አሉ። ጠርሙሱን አንስተው አዩትና ጠበል መሆኑን ስነግራቸው ከደጁ ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ።

"ይህ ለሕመምተኛ የተላከ ነው። እጅህን አምጣ" አሉና ጠበሉን ቀስ አድርገው እያፈሰሱ ደሜን አጠቡልኝ።

ያኔ ነው ቀኑን ሙሉ ከራሴ የደበቅሁትን ነገር የጠየቅኋቸው።

"አባባ፣ ይጠብቀኝ ነበር?"

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አይ ልጄ፣ ሥራ እንደሚበዛብህ ያውቃል ይለኝ ነበር። አባባ እንድሪስ ግን መዋሸት አያውቁም።

"ይጠብቅህ ነበር" አሉኝ። "ቅዳሜ ሲሆን አልጋዬን ወደ በሩ አዙሩልኝ ይላል። እናዞርለታለን። መንገዱን ሲያይ ይውላል።"

"መጨረሻ ላይስ?"

"መጨረሻ ላይ አዙሩልኝ ማለት ተወ።"

ፀሐይ በረድ ስትል ይዘውኝ ወደ መቃብሩ ወጡ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው፤ ራስጌው ላይ አንድ ድንጋይ ቆሟል። እሳቸው በየእርምጃው ቆም እያሉ፣ እኔ ከሳቸው በባሰ እያነከስኩ ነበር የደረስነው። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። እኔ በመንገድ ላይ ለይመር ብዙ ነገር ልለው አስቤ ነበር፤ ሁሉም ሰበብ ነበር። ዓይኔ ደረቅ ነው። ሰውነቴ ሁሉ አምሞኝ ልቤ ብቻ ምንም አልተሰማውም፤ በራሴ አፈርኩ።

እዚያው አደርኩ። ጠዋት ብስክሌቷን ለዘይነባ ልተዋት ስል፣ እሷ ብስክሌቷን ደጇ ቆማ ማየት እንደማትችል ተናገረችና ውሰዳት አለችኝ። አባባ እንድሪስ እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ሲለዩኝ ግን እንዲህ አሉኝ፦

"ስትመለስ ለሁሉም ንገራቸው። ሰዎቹ አሁንም አድነው እያሉ ይለምኑለታል። ልጄ የሚፈልገው ዱዓ ዛሬ ሌላ ነው።"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እኔ የመሰለኝ ውሸቴ ማንንም አልጎዳም፤ ቢያንስ አንድ ቀን ደስ ብሏቸው ዋሉ ብዬ ነበር። ለካ ከሞተ በኋላም ከይመር እንደገና አስቀርቻለሁ፤ በሕይወቱ ሳለ ራሴን፣ ሲሞት ደግሞ የሰዉን የምሕረት ዱዓ።

እማማ ዘሀራ ማንጎው ሥር ናቸው። ከሩቅ ሳያቸው ከብስክሌቷ ወረድኩ። ደወሉን በመዳፌ ጨብጬ፣ ሻሻቸውን በሌላው እጄ ይዤ፣ ቀስ ብዬ ተጠጋሁ። ፈገግ ብለው ጠበቁኝ።

"በላልኝ?" አሉ።

"እማማ፣ ይመር ሞቷል" አልኩ። "ትናንት እዚህ ሳልፍ ሞቶ ነበር። ወደ ቀብሩ ነበር የምሄደው። ዋሸሁዎት።"

ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣሁት። እሳቸው ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን ብለው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢረግሙኝም እሺ ነበር። ኋላ ዓይናቸውን ጠርገው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"አንተ ምኑ ነህ?"

ጓደኛው ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣም። ይልቅ ያ ትናንት መቃብሩ ላይ እንቢ ያለኝ እንባ መጣ፤ የአርባ ሰባት ዓመት ሰው፣ መንገድ ዳር፣ በተቀደደ ሱሪ፣ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። ከግራና ወደ መርሳ ለጁምዓ የሚሄዱ ሰዎች ቆም እያሉ አዩኝ። ማን ሞተበት ብለው እማማ ዘሀራን ጠየቁ። እሳቸውም ወንድሙ አሏቸው።

ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እንባዬ እስኪደርቅ ድረስ ስለ ይመር ጠየቁኝ፤ እኔም አንድ አልጋ ላይ ራስና እግር ሆነን ስንተኛ እንዴት በሌሊት እንደሚራገጥ ሳይቀር ነገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ ፊት ለፊታችን ያለውን ኮረብታ ስም ነገሩኝ። ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸውና ያዝኩት።

ተነሥቼ ስሰናበታቸው ጀማል ጋ ወሬው ከኔ በፊት እንደደረሰ ገመትኩ። ቢደርስም ራሴ እነግረዋለሁ። መሪጌታውም ገና ይቀራሉ። ብስክሌቷ ላይ አልወጣሁም፤ እየገፋሁ ሄድኩ። መንገድ ላይ ብስክሌቷን አይቶ መምህር እንዴት ነው ያለኝን ሰው ሁሉ፣ ቆሜ፣ ሞተ አልኩት።